ለሮም የተሠራው ወንበር

ጣልያን መቱ ገብቶ ሳለ አንድ የጣልያን ሹም ወንበር ሥራልኝ አለኝ። ወደ እኔ የመጣው ከሶር ወንዝ ወዲህ ከኔ የተሻለ እንጨት ፈልፋይ ስላልነበረ ነው። ከአንድ የዋንዛ ግንድ፣ ያለ አንድ ምስማር፣ መደገፊያውን እንደ ኮባ ቅጠል ወደ ኋላ ዘንበል አድርጌ አወጣሁለት። ሊወስደው የመጣ ቀን ዞረው፣ ደግሞ ዞረው፤ ከዚያ በአስተርጓሚው በኩል «ይሄ ሐውልት ነው። ሮም ይቆማል እንጂ ማንም አይቀመጥበትም» አለ። «ሮም እንደወደዱት ያድርጉት» አልኩት፤ «እኛ ጋ ግን ትልቅ ሰው ተቀምጦ ሳይመርቀው ወንበር ከሠሪው ደጅ አይወጣም። ከወጣ ይሰነጠቃል።» ስንጥቅ ሲባል ደነገጠና እሺ አለ።

ለምርቃቱ የጠራሁት ጎረቤቴን እትዬ ጫልቱን ነው። ይኸው ሹም ልጃቸውን ባንዲራ ሲሰቀል አልቆምክም ብሎ አስሮባቸዋል። እትዬ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ፤ በኦሮምኛ ዝናቡን መረቁ፣ ከብቱን መረቁ። ውጭ ወንበሩን ሊጭን የመጣው መኪና ጥሩምባ ይነፋል፣ እሳቸው አይነሱም። ሹሙ አልበቃም ወይ ቢላቸው «ልጄ አሜን ሳይል ምርቃቴ አይዘጋም» አሉት። ሹሙ ወደ እኔ ዞሮ «አንሣት» አለ። «ምርቃት መሃል ከተነሱ ለሚመጣው ስንጥቅ እኔ የለሁበትም» አልኩት። ወንበሩን አየ፣ መኪናውን አየ፣ ልጁን ከእስር ቤት እንዲያመጣ ወታደር ላከ።

ልጁ መጥቶ አሜን አለ፤ እትዬም ተነሥተው ልጃቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ገቡ። እንግዲህ ሮም ማንም አይቀመጥበት ይሆናል። መቀመጥ የነበረበት ሰው እዚሁ መቱ ተቀምጦበታል።