እናቴ ሎቦቶሚ የሚባል ነገር የፈራች ቀን

ታላቅ ወንድሜን ጌታቸውን የአእምሮ ሕክምና ለማስጀመር ከእናቴ ጋር ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት ወሰድነው። ተራችን ደርሶ ነርሷ ስትጠራን እናቴ እጁን ይዛ «አይገባም» አለች። ለካ አምበር ከተማ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ «ጭንቅላቱን ከፍተው ይቆርጡታል፤ ሎቦቶሚ ይባላል» ብሏት ኖሯል።

እኔ ሰው ፊት መናገር እፈራለሁ። ግን ይዛው ልትመለስ ስትል ሎቦቶሚ ምን እንደሆነ ነርሷን ጠየቅኋት።

«እሱማ ድሮ ውጭ አገር ይሠራ የነበረ ኦፕራሲዮን ነው» አለች። «የአንጎልን የፊት ክፍል ከሌላው የሚያገናኘውን የነርቭ መስመር ይቆርጡ ነበር። በሽተኛው ጸጥ ይላል፤ ብዙው ግን እንደ ቀድሞው ሰው አይሆንም። ስለዚህ ቀረ። እኛ የምንሰጠው ክኒን ነው።»

«ክኒኑ የጀመረውን ጠበል ሊያስተወው ነው?» አለች እናቴ።

«ኧረ የለም እናቴ፣ በጠበሉ ይዋጠው።»

እናቴ ገና ስታመነታ ጌታቸው «እማዬ፣ ጭንቅላቱ የእኔ አይደለም እንዴ? እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለ።

ሁላችንም አፈርን። ነርሷ ወደ እሱ ዞረች። «ይቅርታ ወንድሜ። መድኃኒቱን ትወስዳለህ?»

«ሌሊት የሚያስተኛኝ ከሆነ እወስዳለሁ» አለና እጁን ከእናቴ አስለቅቆ ቀድሞን ገባ።