በያጁ ያላዩት ብርሃን

ሽማግሌው በያጅ የዓይን ጠብታ ገዝተው ከመድኃኒት ቤት ሲወጡ፣ ፊዚክስ ከምታስተምረው የወንድማቸው ልጅ ጋር ደጃፉ ላይ ተገጣጠሙ። ጠርሙሱን ኪሳቸው ውስጥ ሸሸጉት፤ የቀላውን ዓይናቸውን ግን የት ይሸሽጉት? ሐኪሙ ግራ ዓይናቸው መድከሙን፣ በዚሁ ከቀጠሉ ቀኙም እንደሚደክም ነግሯቸው ነበር።

ልማዳቸው የታወቀ ነው። ሲበይዱ ቀኝ ዓይናቸውን ጨፍነው በግራው ገረፍ አድርገው ያያሉ። «አንዱ ለሥራ፣ አንዱ ለጡረታ» ይላሉ። ጥቁር መስታወት ያለው የብየዳ ማስኩ ምስማር ላይ ተሰቅሎ አቧራ ይጠጣል።

ልጅቱ እስከ ወርክሾፑ ተከትላ ማስኩን እንዲያጠልቁ ለመነቻቸው።

«ፊት መሸፈን የሌባ ነው፣ ልጄ። እሳት እንደሆነ ስሞቀው ነው ያደግሁት።»

«ይኼ የምድጃ እሳት አይደለም፣ ጋሼ። በአየር ውስጥ የሚያልፍ ኤሌክትሪክ ነው።»

«በአየር ካለፈማ ከመብራት ሽቦው ሥር የምንመላለሰው ሁሉ አልቀን ነበር።»

አባባላቸው ከንቱ አልነበረም። ቀዝቃዛ አየር ኤሌክትሪክን በቀላሉ አያሳልፍም። ልጅቱም ይህን ካመነችላቸው በኋላ፣ ሲበይዱ ኤሌክትሮዱ፣ ያ በእጃቸው የሚይዙት የብየዳ ዘንግ፣ ብረቱን እንደነካ ይቆይ እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«ከቆየማ ይጣበቃል። ነካ አድርጌ ከፍ አደርገዋለሁ።»

«እንግዲያው መሃል ላይ ሽቦ የለም። ኤሌክትሪኩን ማን አሻገረው?»

ሽማግሌው ኤሌክትሮዱንና ብረቱን አፈራርቀው አዩ።

«ኤሌክትሮዱ ብረቱን ሲነካ የጋለው አየር ነው» አለች። «በጣም ሲግል ቅንጣቶቹ ይበታተናሉ፤ ኤሌክትሮን የሚባሉት ጥቃቅኖች ተላቀው ይሮጣሉ። ኤሌክትሪኩን የሚያሻግሩት በተለይ እነሱ ናቸው። ኤሌክትሪኩ ደግሞ በተራው አየሩን ያግለዋል፤ አንዱ ሌላውን ይዞ ይኖራል። እንዲህ የሆነ አየር ፕላዝማ ይባላል። ከብርሃኑ ጋር የማይታይ ጨረር ይወጣል፤ ማታ ማታ ዓይንዎን እንደ አሸዋ የሚቆረቁረው የእሱ ቃጠሎ ነው።»

«ኤሌክትሮዱን ባርቀውስ?»

«እሱን እርስዎ ይንገሩኝ።»

«ይጠፋል» አሉ ቀስ ብለው። እጃቸው ይህን ዕድሜ ልኩን ያውቀዋል፤ ለምን እንደሆነ ግን ጠይቀው አያውቁም። ኤሌክትሮዱ ሲርቅ ኤሌክትሪኩ አየሩን ማጋል እንደሚያቅተው፣ አየሩ ሲቀዘቅዝም ኤሌክትሮኖቹ ወደየቤታቸው ገብተው መንገዱ እንደሚዘጋ ስትነግራቸው፣ ማስኩን አውርደው አቧራውን በእጅጌያቸው ጠረጉት።

ልጅቱ ፊቷን አዞረች። እሳቸው ማስኩን አጥልቀው፣ ሁለቱንም ዓይናቸውን ከፍተው ኤሌክትሮዱን ብረቱ ላይ ነካ አድርገው ከፍ አደረጉት። በጥቁሩ መስታወት ውስጥ አንዲት ደማቅ ድልድይ በኤሌክትሮዱና በብረቱ መካከል ቆመች፤ ከሥሯ የቀለጠው ብረት እንደ ውኃ ይዋልላል።

«ለካ» አሉ ከማስኩ ውስጥ፣ «እስከ ዛሬ ሥራዬን አይቼው አላውቅም።»

ከዚያ ወዲህ ግራ ዓይናቸው እንደ ድሮው ባይሆንም ቀኙ ተርፏል። ብየዳቸው ቀጥ ብሏል፤ ሌሊቱንም ተኝተው ያድራሉ። በባዶ ዓይኑ ሊያይ የሚቆም ሰው ካገኙም ያባርሩታል። ምክንያቱን ከጠየቀ፣ «ሁለቱም ለሥራ፣ ሁለቱም ለጡረታ» ይሉታል።