በሩ ላይ የተቸነከረው ቃል

ኤዝራ ሎማክስ ከአበልጁ ከዶኛ ኤውላሊያ ጋር በጓዳሉፔ ወንዝ መሻገሪያ ላይ የተገናኘው ሳያስበው ነው። እሱ ከመንደር የገዛውን እርሳስ በፈረስ ጭኖ ሲመለስ፣ እሷ በቅሎዋን ውሃ ታጠጣ ነበር። የሴት ልጁን ክርስትና ያነሳችው ኤውላሊያ ከመነኮሳት ዘንድ የተማረች ሜክሲኳዊት ናት። ኤዝራ ግን ከሰሜን ወደዚህ የሜክሲኮ ግዛት መጥቶ መሬት ከተመራ ዐሥር ዓመት ሲሆነው ከአገሬው ቋንቋ የያዘው ሰላምታና እርግማን ብቻ ነው። በዚህም አያፍርም ነበር፤ የሚያሳዝነውም ይኸው ነው።

«ምነው አበልጄ፣ ይህን ሁሉ እርሳስ? ዓሣ ሊያጠምዱበት ነው?»

«ጥይት ላቀልጥበት ነው። ነገ ወታደሮች ቤታችንን ሊፈትሹ ይመጣሉ። ማስታወቂያው ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተቸንክሯል።»

«ማን አነበበልዎ?»

«ራሴ! ‹ሬሂስትራር› ይላል። ያቺን ቃል አልረሳትም። ቀረጥ ተቀባዮቹ እሷን ብለው ነው ጋሪዬን ገልብጠው የሚስቴን ልብስ ሳይቀር የበረበሩት። ጎረቤቴ ብሌድሶም ነግሮኛል። የሜክሲኮ ገዢዎች ሕገ መንግሥቱን ቀደዱ፤ አሁን ደግሞ ጠመንጃችንን ሊወስዱ ነው። ነገ እሱም በበሩ፣ እኔም በበሬ እንተኩሳለን።»

«ሕገ መንግሥቱን ማፍረሳቸው እውነት ነው፤ እኔንም ያንገበግበኛል። ግን ጎረቤትዎ ስለ ነፃነት ሲጮህ እርሻውን የሚያርሱት ስድስት ባሮቹ ምን ይሉት ይሆን?»

ለኤዝራ፣ ብሌድሶ ሲናገር ብሌድሶ ልክ ይመስለዋል፤ ኤውላሊያ ስትናገር ደግሞ እሷ። ራሱ ዞረበት።

«ለመሆኑ መሬቱን የተመሩ ዕለት ጸሐፊው ምን አለዎ?»

ጢሙን አከከ። «ሬ... ሬሂስትራር።»

«ፈተሸዎት?»

«ኧረ ስሜን ጻፈ እንጂ!»

«አዩ! ቃሉ መመዝገብም ነው፣ መበርበርም ነው። ጎኑ ያለውን ሳያነቡ በአንዲት ቃል ሰው ሊገድሉ ነበር?»

«ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ቋንቋ ነው!»

«የሚበሉበት አገር ቋንቋ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም፤ ይነሱ፣ እንሂድ።»

በሩ ላይ ያለውን ጮክ ብላ አነበበችለት። «የመሬት ይዞታ በየቤቱ እየተዞረ ይመዘገባል» ይላል።

«ሁለቱንም ቢያደርጉስ?»

«እንጃ፣ አበልጄ። እኔም አላምናቸውም። ግን ጠይቆ መተኮስ ይቻላል፤ ተኩሶ መጠየቅ አይቻልም። ካፈርኩ አይመልሰኝ አይበሉ።»

በማግስቱ ወታደሮቹ መጡ። ኤዝራ ባዶ እጁን ወጥቶ፣ ከእሷ የተማራቸውን ሁለት ቃላት እየተንተባተበ «ካሳ? ቲየራ?» አለ፤ ቤት ወይስ መሬት ማለቱ ነው። አለቃቸው ሳቀና «ቲየራ» ብሎ፣ ከሰዎቹ ጋር ቤት ገብቶ መዝገቡን ገለጠ። ሲወጡ ግን አንዱ ወታደር ጎንበስ ብሎ አልጋው ሥር ተመለከተ። ታዲያ ያ መመዝገብ ነበር ወይስ መበርበር? ኤዝራ እስከ ዛሬ አልተፈታለትም። ጠመንጃው ግን ከተሰቀለበት አልወረደም፤ ልጁም ያን ቀን ምሳዋን በእርጋታ በላች። ብሌድሶ በር ላይ የቀደመው ጥይት ነው፤ ከቀትር በፊት አንድ ወታደርና ብሌድሶ ራሱ ሞተው ተገኙ። መጠየቅ የሚያስከፍለው ጥቂት እፍረት ነው፤ አለመጠየቅ ያስከፈለውን የሁለቱ እናቶች ያውቁታል።

አገሩ ግን በዚህ አልተረጋጋም። ከሰሜን የመጡት ሰፋሪዎች አመጽ ተቀጣጠለ፣ ወታደሮቹ ወንዙን ተሻግረው ሸሹ፣ መንደሩም በሰፋሪዎች እጅ ገባ። ከዚያ በአንዱ ቀን ኤውላሊያ የራስ መሸፈኛዋን ሳታስተካክል የኤዝራን በር አንኳኳች።

«አበልጄ፣ በሩ ላይ አዲስ ወረቀት ተቸንክሯል። በእናንተ ቋንቋ ነው። ምን ይላል?»

አብረው ሄዱ። ኤዝራ አንድ ጊዜ ለራሱ አነበበውና ተረጎመላት።

«ሜክሲኳውያን ቤተሰቦች ሁሉ... ይመዝገቡ ይላል።»

«የትኛው መመዝገብ?» አለች ኤውላሊያ።

ወረቀቱ በገዛ ቋንቋው ተጽፎ ሳለ ፍቺው ጠፋው። ባርኔጣውን አወለቀ።

«እንጃ፣ አበልጄ» አለ። «ይምጡ፣ አብረን ሄደን እንጠይቅ። ፊት ፊት የምሄደው ግን እኔ ነኝ።»