በአራት የተቀደደው ሰርተፍኬት

(ሞጣ ከተማ፣ የአቶ እንግዳወርቅ ፎቶ ቤት፤ ከተፋቱ ዓመታት ያለፏት የቀድሞ ሚስቱ ትርንጎ የተቀዳደደ የመምህርነት ሰርተፍኬቷን ኮምፒውተሩ አጠገብ ዘርግታ፣ ካልሠራህልኝ ንቅንቅ አልልም ብላ ቆማለች።)

እንግዳወርቅ፦ አልሠራም አልኩሽ! በአማርኛ ነው የተናገርኩት። ባሕር ዳር ሂጂና አሠሪ።

ትርንጎ፦ ጌታዬ፣ ቤቱን የከፈቱት ለሥራ አይደለም? እንደ ማንኛውም ደንበኛ ያስተናግዱኝ።

እንግዳወርቅ፦ ደግሞ አንቱ መባል ጀመርኩ? ስንት ዘመን አንድ ጣራ ሥር ኖረን!

ትርንጎ፦ ለባዳ ሰው አክብሮት አይከፋም። ይልቅ ማሽኑን ያብሩት።

እንግዳወርቅ፦ ማኅተም ያለበት ወረቀት በፎቶሾፕ ሲነካካ ተይዞ ወኅኒ የወረደ ሰው አውቃለሁ። ባንቺ ጦስ ልታሰር?

ትርንጎ፦ ጡረታዬ ደርሶ ማን ሊቀጥረኝ? ማኅተሙን አይንኩት። ስሜና ያመጣሁት ማዕረግ ይነበብ፣ በቃ። ልጃችን ውባለም ወደ ሥራ ምደባዋ ይዛው ትሄዳለች፤ ቤቷ ትሰቅለዋለች።

እንግዳወርቅ፦ ልጄ የትም አትሄድም። ሠርጓ ለጥር ተቆርጧል።

ትርንጎ፦ ሠርጉ ይቆየኝ ብትል፣ ያ እጮኛዋ «ወይ እኔን፣ ወይ ሥራውን» ብሏታል። እርስዎም አግዘውታል። «እናትሽም ሰርተፍኬት ነበራት፤ አይጥ በላው። ምን ቀረባት?» አሏት አሉ።

እንግዳወርቅ፦ ዋሸሁ? ይኸው፣ ጠርዙን እዪው! የአይጥ ጥርስ አይደለም?

ትርንጎ፦ እናቴ በዱቄት ሙጫ ለጥፋው ነዋ! አይጧ ሙጫውን ስታሳድድ ወረቀቱን ጨመረችው። መጀመሪያውኑ ምን ሆኖ ተለጠፈ? እሱን ለምን አልነገሯትም?

እንግዳወርቅ፦ የድሮ ነገር አታንሺብኝ።

ትርንጎ፦ «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ሲባል ነበር የማውቀው። አንተ ደግሞ ራስህ ቀደህ አይጥ ታስመታለህ!

እንግዳወርቅ፦ ቀስ በይ፣ መንገደኛ ይሰማል!

ትርንጎ፦ ይስማ! የሩቅ አገር ምደባ ደብዳቤዬ በመጣ ዕለት ሰርተፍኬቴን አጣጥፈህ ቀደህ፣ ፊቴ ላይ በተንከው። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ብለህ ተረትክብኝ። እውነትህን ነው፣ በወንድ አለቀ። ከተፋታን ወዲያ ትምህርት ቤት የገባሁት መጥረጊያ ይዤ ነው። ሰሌዳ አጸዳሁ እንጂ አልጻፍኩበትም።

እንግዳወርቅ፦ ሌላ ቅጂ ማውጣት ትችይ ነበር።

ትርንጎ፦ በየት በኩል ወጥቼ? በሩን ማን ይቆልፈው ነበር?

እንግዳወርቅ፦ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ማለት አንቺ ነሽ! ወዲህ በይው። ከዓይኔ እንድትጠፊልኝ ብዬ ነው።

ትርንጎ፦ ለምንም ብለህ ሥራው፣ ብቻ ሥራው።

እንግዳወርቅ፦ በእርጥብ እጅ አትንኪው! ... ስካኑ ገባ። ምን ላይ አኑረሽው ነው? ጥቀርሻ ብቻ እኮ ነው።

ትርንጎ፦ ከናቴ ቤት፣ ከምድጃው በላይ። አንተ የማትደርስበት ቦታ እሱ ብቻ ነበር።

እንግዳወርቅ፦ ምላስሽ አሁንም አልዶለዶመም። ... እይ፤ ከንጹሑ ጥግ እየቀዳሁ እድፉ ላይ እደርባለሁ። ቀለሙን ትንሽ ሳጠቁረው ደግሞ ... ወጣ። «ወይዘሪት ትርንጎ ደስታ፣ በማዕረግ»።

ትርንጎ፦ ወይኔ። ስሜ እንዲህ ደምቆ ነበር ለካ። ይቺ ወይዘሪት ምን አድርጋህ ነበር?

እንግዳወርቅ፦ ፎቶሽን አይጥ ገምሶታል። ከሠርጋችን ፎቶ ፊትሽን ቆርጬ ልሙላው?

ትርንጎ፦ እንዳታደርገው! ይቺኛዋ ገና አላገባችም። ግማሽ ፊቷ ይበቃታል።

እንግዳወርቅ፦ እንዳሻሽ። አሁን የተቀደደበትን መስመር ላጥፋውና ልጨርስ። ሰይጣን ራሱ አያውቀውም።

ትርንጎ፦ ቅዳዱን አትንካ።

እንግዳወርቅ፦ ምን አልሽ?

ትርንጎ፦ እድፉን አጽዳ፣ ጽሑፉን አጉላ። ቅዳዱ እንዳለ ይቀመጥ።

እንግዳወርቅ፦ ጉድ እኮ ነው! ሰው ቅዳድ አጥፋልኝ ብሎ ይለምነኛል፣ አንቺ ተውልኝ ትያለሽ። ከልጄ ልታጣይኝ ነው?

ትርንጎ፦ ከእሷ የሚያጣላህ እጅህ ነው፣ እኔ አይደለሁም።

እንግዳወርቅ፦ ፈርቼ ነው እኮ የቀደድኩት! ያን ያህል ርቀሽ ከሄድሽ ላትመለሽ ነው ብዬ ነው። ይኸው፣ ተናገርኩ።

ትርንጎ፦ ሳልሄድስ አላጣኸኝም? አሁን ደግሞ የልጅቷን በር ልትቆልፍ ቁልፍ ፍለጋ ይዘሃል።

እንግዳወርቅ፦ ክፉ አልመከርኳትም! ትዳር ይቅደም አልኩ፤ ማንም አባት የሚለውን።

ትርንጎ፦ መምከሩንስ ምከር። በእኔ ስም ዋሽተህ ግን አትምከር። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም»፤ አንተ ደግሞ መርሳቱ አንሶህ ተረት ፈጠርክበት።

እንግዳወርቅ፦ ስሚ፣ ማሽኑም የእኔ፣ እጁም የእኔ። አጠፋዋለሁ። ... አንዱ ሄደ። ... ይኸው፣ ሁለተኛውም ጠፋ! እንኳን ሊቀደድ ታጥፎም የሚያውቅ አይመስል። አሁን የፈለግሽውን ብታወሪ ማን ያምንሻል?

ትርንጎ፦ ጨረስክ?

እንግዳወርቅ፦ ጨረስኩ። አትሜ ልስጥሽና ውሰጂ፣ ሂጂልኝ።

ትርንጎ፦ የምወስደው እኔ አይደለሁም። ዋናውን ወረቀት ትናንት ውባለም ራሷ ገጣጥማ አየችው። «እማዬ፣ ይሄ እኮ ተጣጥፎ በሰው እጅ የተቀደደ ነው። ማን ነው?» አለችኝ። አባትሽን ጠይቂው አልኳት፤ ያቻት፣ መንገዱን እየተሻገረች ነው።