አዴ ፋጡማ ያሳዩኝ በር

ሰው ስለ ራሱ ካንሰር እየሳቀ እንዴት ያወራል? እስካሁን አልገባኝም። ልጄን ሳጠባ ጡቴ ላይ እብጠት አገኘሁ። ሐኪሙ በመርፌ ናሙና ይወሰድ ብሎ ቀጠረኝ። አማቴ ግን «መርፌ ከነካው በሰውነትሽ ይበተናል! ለልጅሽ እዘኚ» ብለው ከለከሉኝ። ፈርቼ ቀጠሮውን ተውኩት።

ሚኒባስ ከሚነሳበት የከተማችን በር፣ ሸዋ በር፣ ማንጎ ልገዛ ሄጄ ለማንጎ ሻጯ ደንበኛዬ ለአዴ ፋጡማ ጠጋ ብዬ ይህንኑ ነገርኳቸው። ከት ብለው ሳቁና እጄን ይዘው ደረታቸው ላይ አሳረፉት። አንዱ ጎን ሜዳ ነው! «ወላሂ እኔንም በመርፌ ወግተውኛል። የታል የተበተንኩት? ሲቆይ ነው የሚበተነው» አሉኝ። ክው አልኩ። «ታዲያ እግር የለው፣ በምን ይሄዳል?» አልኳቸው። ብብታቸውን ነካ አደረጉ። «ይሄ ሸዋ በር ነው በይ። ከጡት የወጣው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ እዚህ ይመጣል። ከዚህ ካለፈ በደም ተሳፍሮ አጥንትም፣ ሳንባም፣ ጉበትም ይወርዳል። ሚኒባሱ ሳይነሳ ነው መያዝ! የእኔን በሩ ላይ ደረሱበት።» ይህን እየነገሩኝ እኮ ማንጎ ይመርጡልኛል፣ ከሌላ ገዢ ጋር በኦሮምኛ ይከራከራሉ። ፊደል አልቆጠሩም፤ እንደ እሳቸው አድርጎ ያስረዳኝ ግን የለም።

ከዚያው ሄጄ ቀጠሮዬን አሳደስኩ፤ ሐሙስ ነው። አማቴን እወዳቸዋለሁ፤ ያን ቀን ልጄን የምተወውም እሳቸው ጋ ነው። እናንተ ብትሆኑ ነግራችኋቸው ትሄዳላችሁ ወይስ ደርሳችሁ ስትመጡ ትነግሯቸዋላችሁ? እባካችሁ ምከሩኝ።