ትኩሳት ነው እንጂ

ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና በሚወርደው ታክሲ ውስጥ አንዲት እናት የተኛ ልጇን አቅፋ ከፊቴ ተቀምጣለች። አጠገቧ ያሉት እማማ ጠየቋት።

«ምን ሆኖብሽ ነው ልጄ?»

«ትናንት ትኩሳት ይዞት አንዘፈዘፈው፣ እማማ። ዓይኑ ሲገለበጥ የሞተ መስሎኝ ጮህኩ።»

«በስመአብ! ሐኪሙስ ምን አለሽ?»

«ደሙን መርምሮ የኢንፌክሽን ምልክቱ ከፍ ብሏል አለኝ። ያንዘፈዘፈው ትኩሳቱ ነው እንጂ የሚጥል በሽታ አይደለም።»

«ይሄን ሁሉ ከደም ያውቃሉ?»

«ደሙ ኢንፌክሽን መኖሩን ነው የሚጠቁመው። ሌላውን ልጁን አይቶ፣ እኔንም ጠይቆ ነው።»

«ታዲያ ይተወዋል?»

«አብዛኞቹን ሲያድጉ ይተዋቸዋል ብሎኛል።»

«የኔንም ልጅ እንዲሁ ያደርገው ነበር። የሚጥል በሽታ ነው ሲሉኝ ፈርቼ ትምህርት ቤት ሳልልከው ቀረሁ።»

«አሁንስ?»

«ካደገ ወዲህ አንድም ቀን አልጣለውም። ማንበብ ግን አይችልም።»

መውረጃዬ ደርሶ ነበር፣ «ወራጅ አለ» ያልኩት ግን ካለፍነው በኋላ ነው።