ዘሃራን ያላየ መስታወት

(ደሴ፣ ጉም የወረደበት የክረምት ምሽት፤ ደምሰው በቆሎ ጠባሿን ዘሃራን በመኪናው ከገጫት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በባሏ ደጃፍ ቆሟል፤ እሱ ከመሪው አልነቃነቅ ብሎ፣ ታላቅ እህቱ ትርንጎ ወርዳ በቀኝ በኩል ገርበብ ባለው መስኮት ይነጋገራሉ።)

ትርንጎ፦ ውረድ አልኩህ እኮ! እዚህ ድረስ የመጣነው ሞተር ልናሞቅ ነው?

ደምሰው፦ መጀመሪያ ቃልሽን ስጪኝ፣ እታለም። ነገ ትራፊክ ፖሊስ ዘንድ ስትቀርቢ «በሩጫ ገባችበት» ትያለሽ። ከዚያ ወርጄ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ።

ትርንጎ፦ ይቅርታ ለመጠየቅም ውል ታስፈርመኛለህ?

ደምሰው፦ አጠገቤ የነበርሽው አንቺ ብቻ ነሻ! ሌላ ምስክር ከየት ልውለድ?

ትርንጎ፦ አጠገብህ ስለነበርኩ እኮ ነው አልልም ያልኩህ። ሴትዮዋ አልሮጠችም።

ደምሰው፦ አይተሻታል?

ትርንጎ፦ አላየኋትም። አንተ ወደ ግራ ስትታጠፍ እኔም ወደዚያው ነበር የማየው። መስታወትህ ድቅድቅ ብሏል። መጀመሪያ ያወቅኋት በጩኸቷ ነው።

ደምሰው፦ በቃ! ካላየሻት እንዴት አልሮጠችም ትያለሽ?

ትርንጎ፦ የወደቀችው ከሰል ምድጃዋ ሥር ነዋ! ምድጃዋን ታቅፋ ወዴት ትሮጣለች? አንተ ነህ ቅያሱን አጥብበህ ገብተህ የተቀመጠችበት ድረስ የሄድክባት።

ደምሰው፦ ጉም ነበር። መሽቶም ነበር።

ትርንጎ፦ ጉሙ ላንተ ብቻ ነው የወረደው? ከፊታችን የነበረው ባጃጅ ሰፋ አድርጎ ዞሯት አለፈ።

ደምሰው፦ አሁን የእኔን መኪና ከባጃጅ ጋር ታወዳድሪያለሽ?

ትርንጎ፦ በር እንኳን የለውም፣ ምስኪን። ሾፌሩ ግን አያት።

ደምሰው፦ መስታወቱ ላይ ያስለጠፍኩት ጥቁር ላስቲክ ምንም አላደረገም እያልኩሽ! የሚጠቁረው ከውጭ ነው፤ ከውስጥ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ነጋዴው ሁሉ አስለጥፎ የለም እንዴ?

ትርንጎ፦ ቀን ያሳይህ ይሆናል። ዓይን ሲይዝስ?

ደምሰው፦ መኪናዋን የገዛሁ ሰሞን ሰፈሩ እንዴት እንዳየኝ ታውቂያለሽ። የሰው ዓይን ይከብዳል፣ እታለም።

ትርንጎ፦ ዘሃራ በየትኛው ዓይኗ ልታይህ? ስትጠብስ የምትውልበት ጭስ መች ዓይኗን አስገለጣት! ከሰው ዓይን እሸሸጋለሁ ብለህ የራስህን ዓይን ከደንከው።

ደምሰው፦ አልሸሸሁም እኮ። አንስቼ ሐኪም ቤት አድርሻታለሁ። ማሳከሚያውን ችያለሁ። እግሯን ቢቆርጧት እንኳ ጡር…

ትርንጎ፦ ቢቆርጧት? ዛሬ ጠዋት ቆረጧት፣ ደምሰው።

ደምሰው፦ …ማን ነገረሽ?

ትርንጎ፦ አንተ ስልክህን ስታጠፋ እኔ አልጋዋ አጠገብ ነበርኩ። ከጉልበቷ በታች የለም። ስትነቃ ምን ብላ እንደጠየቀችኝ ታውቃለህ? «ጡሩምባ እንኳ ምነው ነፈገኝ?» አለችኝ።

ደምሰው፦ ምን አልሻት?

ትርንጎ፦ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የአንድ እናት ልጅ ነን ብዬ እውነቱን ዋጥኩት። አላየሽም እንዴት እላታለሁ? ሰው መሆኗን እንኳ ሳያውቅ አለፈብሽ ልበላት?

ደምሰው፦ እኔስ? መንጃ ፈቃዴን ነጥቀው ቢያስሩኝ ልጆቼን ማን ያበላል? በማርያም ይዤሻለሁ፣ አንድ ቃል ናት። «ሮጠች» በይልኝ።

ትርንጎ፦ ያቺ አንድ ቃል ጥፋቱን ሁሉ ዘሃራ ላይ ትጭናለች። እግሯን ወስደን ሲያበቃን ስሟንም እንጨምርበት? ደግሞስ ማርያምን ለዚህ ትጠራታለህ?

ደምሰው፦ እውነቱን ነዋ የምልሽ! አሁን እንኳ ይኸው መሽቷል፣ ጉም ነው፤ እዚሁ ተቀምጬ ሁሉን አያለሁ።

ትርንጎ፦ ሁሉን?

ደምሰው፦ ሁሉን!

ትርንጎ፦ እስቲ መስኮቱን ሳትከፍት በግራህ በኩል እይ። ምን አለ?

ደምሰው፦ አጥራቸው አለ። በራቸው አለ።

ትርንጎ፦ ሌላስ?

ደምሰው፦ የበሩ ምሰሶ።

ትርንጎ፦ ደህና አድርገህ እይ።

ደምሰው፦ ምሰሶ ነው አልኩሽ! ምን ልትይኝ ነው?

ትርንጎ፦ ምሰሶው ሁለት ጊዜ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላም ብሎሃል።

ደምሰው፦ …ምን?

ትርንጎ፦ ጋሽ እንድሪስ ናቸው፣ ባሏ። አንድ ክንድ አይርቁህም።

ደምሰው፦ መቼ ወጡ?

ትርንጎ፦ «ሮጠች በይልኝ» ስትለኝ።

ደምሰው፦ ሰምተውኛል?

ትርንጎ፦ በእኔ በኩል ያለው መስኮት ክፍት ነው።

ደምሰው፦ እታለም… ምን ልበላቸው?

ትርንጎ፦ እኔ የነገውን ቃሌን አግኝቻለሁ፤ አጠገቡ የቆመ ሰው ምሰሶ መሰለው ነው ለፖሊሱ የምለው። አንተ የምትለው ካለህ፣ መስታወቱን አውርድና ለራሳቸው ንገራቸው።